ሳይጨምር ሳይቀንስ

እትዬን የሠፈሩ አስተርጓሚ አድርጎ የሾማቸው የለም። ታናሽ ወንድማቸው መስማት የተሳነው ነበርና በምልክት ቋንቋ እጃቸውን ፈትተዋል፤ በቃ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ጋሼም መስማት የተሳነው ነው፤ ሆዱን ባመመው ቁጥር ክሊኒክ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው። ሐኪሙ ሲያብራራ ይቆያል፤ እትዬ እጃቸውን ሁለት ጊዜ ወዝወዝ አድርገው ይጨርሳሉ። ምን አሉት? «ደህና ነህ፣ ቃሪያ ተው።» የቀረውን ማታ ቡና ላይ እኛ እንሰማዋለን። የጋሼን ጨጓራ ነገር ከራሱ ከጋሼ በቀር የማያውቅ የለም።

ቋንቋውንስ ያውቁታል፣ አይካድም። በ2006 ዓ.ም. በማንዴላ መታሰቢያ፣ ጆሃንስበርግ ስታዲየም ውስጥ፣ ኦባማ ጎን ቆሞ እጁን በከንቱ ሲያወናጭፍ እንደነበረው ሰውዬ አይደሉም። እሱን መስማት የተሳናቸው ወዲያው ነቁበት፤ እኛ ሰሚዎቹ ነን ቁም ነገር መስሎን ያየነው።

በመጨረሻ ጋሼ መረረውና «ባለሙያ ፈልግልኝ» ብሎ በወረቀት ጻፈልኝ። ያገኘሁለት ወጣት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋ የተማረ ነው። ዝንጉርጉር ልብስ ምልክቱን ያደበዝዛል ብሎ አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሸሚዝ ለብሷል። የተቀመጠው ከሐኪሙ ጎን ነው፤ ጋሼ ሁለቱንም ባንድ እይታ እንዲያይ። እትዬም «ብቻውንማ አይሄድም» ብለው ተከትለውናል።

ጣጣው የጀመረው ገና ነርሷ ዘንድ ነበር። ባለሙያ አስተርጓሚ «ሆዱን ያመዋል» አይልም፤ በባለጉዳዩ አንደበት «ሆዴን ያመኛል፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ነው የሚለው። ነርሷ የልጁን ክንድ ሳብ አድርጋ የደም ግፊት መለኪያውን ጠመጠመችበት። «ታማሚው እሳቸው ናቸው» አላትና ይህንኑ በነፃው እጁ ለጋሼ ተረጎመለት። ጋሼ በሳቅ ፈረሰ።

ሐኪሙ ያዘዘውን መድኃኒት ስም ደግሞ ልጁ በጣቱ ጻፈለት። የእጅ ፊደላችን እንደ ወረቀቱ ሰባት ቤት አለው፤ የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ እንቅስቃሴው ግዕዝ ይሁን ሳድስ ይለያል። ጋሼ በዓይኑ እየተከተለ፣ በራሱ ጣቶች ደገመው። የሚውጠውን ነገር በስሙ ሲያውቀው ያን ዕለት ገና መጀመሪያው ነው።

እትዬ አላስቻላቸውም። ወደ ሐኪሙ ጠጋ ብለው ሹክ አሉት፦ «ዶክተር፣ ይጠጣል። አይነግርህም እንጂ።»

ክፍል ውስጥ የተነገረ ሁሉ ይተረጎማል፤ የሙያው ሕግ ነው። ልጁ ተረጎመ። ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ፤ እጆቹ ስፌት መኪናው ላይ እንኳ አይቼው በማላውቀው ፍጥነት ተወናጨፉ። ልጁም በዚያው በረጋ ድምፁ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፦

«አረቄውን በዱቤ የምትሰጪኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»