የአንገት ትራስ፦ አሰፋፉ፣ ዓይነቶቹና ጠባዩ

የአንገት ትራስ ከኋላ ማጅራትን፣ ከግራና ከቀኝ መንጋጋን ደግፎ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ሰው ጭንቅላቱን እንዳይጥል የሚያግድ፣ በፊት በኩል ክፍት የሆነ ሙሌት ያለው ጨርቅ ነው። አስፈላጊነቱ የሚመነጨው ከአካል አሠራር ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን የሚሸከሙት 7 የአንገት አጥንቶች ናቸው። ቀጭኔም ያላት 7 ብቻ ስለሆነ በቁጥሩ ማማረር አይቻልም። ሰው ነቅቶ ሳለ የአንገት ጡንቻዎች ሳይታዘዙ ሥራቸውን ይሠራሉ። እንቅልፍ ሲመጣ ግን ይላላሉ፤ 5 ኪሎውም ወደ ፈለገበት ይሄዳል።

የሚሄድበት አቅጣጫ ሦስት ነው። ወደ ፊት የሚሄደው አገጭን ከደረት ያገናኛል፤ ባለቤቱም ብድግ ብሎ «አልተኛሁም» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ወደ መስኮት የሚሄደው ከመስታወት ጋር ይጋጫል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ይህ በየኩርባው ይደጋገማል። ሦስተኛው ወደ ጎረቤት ትከሻ የሚሄደው ነው። ትከሻው የተወረሰበት መንገደኛ ይሉኝታ ይዞት፣ ክንዱ እየደነዘዘ፣ ሳይነቃነቅ ደጀን ይደርሳል። የአንገት ትራስ ከባለቤቱ ይልቅ የሚጠቅመው ይህን ሰው ነው፤ ይሁን እንጂ ወጪውን እንዲጋራ ተጠይቆ አያውቅም።

ጭንቅላትን በተሠራ ነገር መደገፍ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ከእንጨት ተጠርቦ የሚሠራው ትራስ የተዋበ የፀጉር አሠራር እንዳይበላሽ ጭንቅላትን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ የሐመር ወንዶች ደግሞ ቀን ቀን ይቀመጡበታል። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የዚህ ዓይነት ትራሶች ይታያሉ። የእንጨት ትራስ አይሞላም፣ አይጓጉልም፣ ስፌቱ አይተረተርም። ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት ችግሮች ሁሉ የመጡት እንጨቱ በጨርቅ ከተተካ ወዲህ ነው።

ስፌቱ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ለቅዱ የሚመረጠው ጋዜጣ ነው፤ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ስፋቱ ለዚህ ይበቃል። ጋዜጣው ለሁለት ይታጠፍና እጥፋቱን ተደግፎ የትራሱ ግማሽ ብቻ ይሳልበታል፤ ተቆርጦ ሲዘረጋ ሁለቱ ክንዶች እኩል ይወጣሉ። ሳያጥፍ ሙሉውን በእጁ የሚስል ሰው አንዱ ክንድ ረዝሞ ያገኘዋል፤ ሲጠየቅም «ረጅሙ በመስኮት በኩል ነው» ብሎ ያስረዳል። ለአዋቂ የውጭው ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የአንገቱ ክፍተት ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ለስፌት ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ይተዋል። ይህችን 1 ሴንቲ ሜትር የረሳ ሰው ከመጀመሪያውም ለልጅ አስቦ እንደሰፋው ይናገራል።

ጨርቁ በመርህ ደረጃ ለስላሳ ጥጥ ነው፤ በተግባር ቤት ውስጥ የተረፈው ነው። አቡጀዲ፣ አሮጌ ፎጣ ወይም የጠበበ ሹራብ ሊሆን ቢችልም በብዛት የሚታየው የመጋረጃ ትራፊ ነው። የመጋረጃ ጨርቅ «እንዳያንስ» ተብሎ ሁልጊዜ ተርፎ ይገዛል። የተረፈው መጀመሪያ የሶፋ ትራስ፣ ቀጥሎ የቴሌቪዥን ልብስ፣ በመጨረሻም የአንገት ትራስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ትራስ ያጠለቀ ሰው ሳሎኑን በአንገቱ ይዞ ስለሚጓዝ፣ ቤቱን የሚያውቅ ዘመድ በኤርፖርት ሕዝብ መካከል ከሩቅ ይለየዋል።

ሁለቱ ቁራጮች ፊታቸው ወደ ውስጥ ተገጥሞ ዙሪያቸው ይሰፋል፤ በአንዱ ክንድ የውጭ ጠርዝ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል። ከመገልበጡ በፊት በውስጠኛው ኩርባ ያለው ትርፍ ጨርቅ ስፌቱ ሳይነካ በመቀስ ጫፍ በየቦታው ይበጣል፤ ካልተበጣ ኩርባው ይጨማደዳል። ከዚያ ይገለበጣል፣ ይሞላል፣ ቀዳዳውም በእጅ ይሰፋል። ሲንገር መኪና ያለበት ቤት ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የሚያስገባ ደኅና ዓይን ያለው ልጅ ከጨዋታ ተጠርቶ ከመጣ።

የዓይነቶቹ ልዩነት የሚጀምረው ከሙሌቱ ነው። ባዘቶ ለስላሳ ነው፣ ሲቆይ ግን ይጓጉላል። የተቆራረጠ ስፖንጅ ቅርጹን አይለቅም፤ ከታጠበ ግን ቶሎ አይደርቅም። ፋይበር ቀላል ነው፣ 300 ግራም ያህል ይበቃል። አሮጌ ልብስ ተቆራርጦ ሲሞላ ቁልፉ አስቀድሞ ካልወጣ ጉንጭ ላይ ማኅተም ያሳርፋል። አራቱም ለእንቅልፍ ተብለው የሚሞሉ ስለሆኑ ከዚህ በላይ ሐተታ አያሻቸውም።

አምስተኛው ለእንቅልፍ አይሞላም። ይህ ባለ አደራው ትራስ ነው።

ባለ አደራው ትራስ የሚገኘው ከቦሌ ተነሥቶ ውቅያኖስ በሚሻገር መንገደኛ አንገት ላይ ነው፤ የወለደውም የኪሎ ሕግ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቅደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ግራም የሆኑ 2 ሻንጣዎችና 7 ኪሎ ግራም የእጅ ሻንጣ ነው። ሻንጣዎቹ ከጉዞው ቀናት ቀድመው ይሞላሉ፣ የእጅ ሻንጣውም በዋዜማው ያልቃል። አደራ ሰጪ ዘመድ ግን ሻንጣ ሳይዘጋ አይመጣም። ሲመጣ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርቦ የቋጠረውን ነገር ይዞ ነው፤ የሚናገረውም «ትንሽ ናት» የሚል ነው። ትንሿ ከ1 ኪሎ ትጀምራለች፤ የላይኛው ወሰኗ ግን እስካሁን አልተደረሰበትም። እምቢ የሚል የለም። ፌስታሉን የምትሰጠው እናት ልጇን ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ በርበሬውንም በገዛ እጇ ቀንጥሳ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ አስፈጭታዋለች። ሚዛኑ የሚመዝነው ሻንጣን እንጂ አንገትን አይደለም። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ የትራሱ ስፌት ይተረተራል፣ ባዘቶው ይወጣል፣ ፌስታሉ ይገባል።

ባለ አደራው ትራስ እንደ ይዘቱ በሦስት ይከፈላል። የቆሎው ከሦስቱ ለአንገት የሚስማማው ነው፤ እህል የጭንቅላትን ቅርጽ ተከትሎ ስለሚቀመጥ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ጉድለቱ መበላቱ ነው። ስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይፈጠራል፣ ማን እንደፈጠረው አይታወቅም፤ አትላንቲክ ሲደረስ ማጅራቱ ባዶ ሆኖ የቀረው ክንዶቹ ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

የሽሮው ትራስ ችግሩ መፍሰሱ ነው። ዱቄት እንደ ባዘቶ ባስቀመጡት አይቆይም፣ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። መንገደኛው ሲቆም ሽሮው በሁለቱ ክንዶች ጫፍ ደረቱ ላይ ይከማቻል፤ ወንበሩን ሲያጋድም ወደ ማጅራቱ ይመለሳል፤ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ደግሞ ሁሉም በዚያው ይጠራቀምና ጭንቅላቱን ወደ ሌላው ጎረቤት ይገፋዋል። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ትራሱን በስፌት ወደ ትንንሽ ክፍሎች መከፋፈል ነው። ክፍሎቹ በተገኙ ማግሥት ግን ሌሎች አደራዎች ይደርሳሉ። የመጀመሪያው ክፍል የእናት ይሆናል፣ ሁለተኛው የአክስት፣ ሦስተኛው የአክስት ጎረቤት። የጎረቤቷ ልጅ የሚኖረው ሎስ አንጀለስ፣ መንገደኛው የሚወርደው ዋሽንግተን ነው፤ በመካከሉ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። «ያው አሜሪካ አይደል!» ይባልና ይሰፋል።

የበርበሬው ትራስ ሙሉ መጽሐፍ የሚገባው ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ዝም ይላል። የአንገት ሙቀት ፌስታሎቹን አልፎ ከዘለቀ በኋላ ኮረሪማው ይቀድማል፣ ነጭ ሽንኩርቱ ይከተላል፣ ዋናው በርበሬ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። አጠገብ ያለው መንገደኛ ያስነጥሳል። ከኋላ ያለው ያስነጥሳል። የበረራ አስተናጋጇ ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች፣ ብርድ ይመስላታልና። ከፊት ካሉት ረድፎች አንድ ሰው ተነሥቶ ዙሪያውን ይቃኛል፤ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የሚሸተው?» ብሎ አይደለም፣ «የማን እጅ ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ወሬ ይጀመራል። ባለ ትራሱ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ቢወስደውም በሕልሙ ስፌት ሲጠብቅ ያድራል። ይህ ትራሱ ከተሰፋበት ዓላማ ጋር ይጋጫል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ከአደራ ሰጪዎች በኩል ግን ተነሥቶ አያውቅም።

በባለ አደራው ትራስ ላይ ከባድ ፈተና የመጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ዓመት ወዲህ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን በእጅ የሚያዝ ዱቄት 350 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠም ከመንገደኛው ጋር አይሳፈርም። 350 ሚሊ ሊትር የአንድ ክንድ ጫፍ እንኳ አይሞላም። ትራሱ በመፈተሻው ማሽን ሲያልፍ ፈታሹ ያስቆመዋል። «ምንድን ነው?» ሲል «ትራስ» ይባላል፤ «ውስጡስ?» ሲል «አደራ»። ፈታሹም አደራ ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል፣ የእሱም እናት ትልካለች። ቢያውቅም ያስተረትረዋል። መቀስ ደግሞ በፍተሻ ስለማያልፍ የሚተረተረው በጥርስ ነው።

በመልሱ ጉዞ ቪታሚን፣ ሽቶና የሕፃን ጫማ የሚሞላው ትራስ ራሱን የቻለ ወገን ነው፤ ነገር ግን አደራው ሲመጣም ሻንጣው ሲዘጋም እንደ መሄጃው ስለሆነ ለብቻው መመደቡ ትርፍ የለውም።

አጠባቡ ቀላል ነው። ሙሌቱ ይወጣል፣ ልብሱ ይገለበጣል፣ የስፌቱ ጥጋጥግ ይራገፋል፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። በርበሬ ይዞ የነበረውን ከነጭ ነጠላ ጋር አንድ ላይ መዘፍዘፍ አይገባም።