ለመኪናዎ የሚጨነቅ ሰው ሲደውል

አሜሪካ ውስጥ እስከኖሩ ድረስ አሳቢ አያጡም። ከሌሊት ፈረቃ ገብተው ጋደም ሲሉ ስልኩ ይጮኻል፤ «የመኪናዎ ዋራንቲ ሊያበቃ ነው፤ ልናገኝዎ ብዙ ሞክረናል፤ ይህ የመጨረሻ ጥሪያችን ነው» ይላል። በማግስቱም የመጨረሻ ጥሪውን ይደግመዋል። የገዛ ወንድምዎ ከዓመት በዓል ውጭ በማይደውልበት ዘመን እንዲህ ያለውን ተቆርቋሪ በወጉ ማስተናገድ ይገባል።

አስቀድመው ግን ለብቻዎ የተመረጡ አይምሰልዎ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የቀጣው አንድ ቡድን፣ በ2021 በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከ500 ሚሊዮን በሚበልጡ ቁጥሮች ላይ ከ5 ቢሊዮን በላይ ጥሪ አድርጓል። አገሪቱ ያን ያህል ሕዝብም ያን ያህል መኪናም የላትም። በአውቶቡስ ብቻ የሚሄዱት እናትዎም ዋራንቲያቸው እያለቀ ነው የተባሉት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚሰሙት ድምፅ የተቀዳ ስለሆነ ቢመርቁትም ቢረግሙትም ትርፍ የለውም። «ለማነጋገር 1ን፣ ከዝርዝሩ ለመውጣት 2ን ይጫኑ» ሲል ይሉኝታ ይዞዎት 2ን እንዳይጫኑ። የትኛውንም ቢጫኑ «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ብለው መመለስዎ ነው፤ ሰው ያለበት ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይፈለጋል። የደወለው ቁጥር የሰፈርዎን መነሻ ቁጥር፣ 703 ወይም 301፣ ይዞ ቢመጣም መልሰው ደውለው አይሳደቡ። ስልኩን የሚያነሱት ቁጥራቸው ሳያውቁ መሸፈኛ የተደረገባቸው አንድ ምስኪን ጡረተኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጣትዎ አዳልጦት 1ን ከተጫኑ ሰው ይመጣል። «ሞዴሏ ምንድን ነው? ስንት ማይል ሄዳለች?» ብሎ ይጀምራል። እዚህ ላይ ቅር ሊልዎ ይገባል፤ ስንት ጊዜ ሲጨነቅላት የኖረውን መኪና ለካ አያውቃትም! በትሕትና የሻንሲ ቁጥሯን የመጨረሻ አራት አኃዞች እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ካልቻለ፣ አዲስ አበባ ትተዋት ስለመጡት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ያጫውቱት። የእርሷም ዋራንቲ ሊያልቅ ጥቂት ቀን እንደቀረው ከነገረዎ፣ የሰውየውን ሙያ ሙሉ በሙሉ አውቀውታል።

የሚሸጥልዎም ዋራንቲ አይደለም። ዋራንቲ ከአዲስ መኪና ዋጋ ጋር አብሮ የሚመጣ የፋብሪካው ቃል ነው፤ ብዙ ጊዜ ለ3 ዓመት ወይም ለ36,000 ማይል ይቆያል። ይህኛው ግን ለብቻው የሚከፈልበት የጥገና ውል ነው። ስለዚህ «ውሉን ላክልኝና አንብቤ እከፍላለሁ» ይበሉት። «ይህ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» ይልዎታል። ለመኪናዎ ስንት ቀን ሲጨነቅ የከረመ ሰው፣ እስኪያነቡ ድረስ ግን መታገሥ አይችልም። ንባብን የሚጠላበት ምክንያት አለው፦ ከእነዚህ ውሎች ብዙዎቹ በደቃቅ ፊደል «ለንግድ ሥራ የዋለ መኪና አይሸፍንም» ይላሉ። ኡበር የሚነዱ ከሆነ፣ በየወሩ ሲከፍሉ ቆይተው ካምቢዮ በተበላሸ ዕለት ይህችን መስመር ጮክ ብለው ያነቡልዎታል።

ሕግ አለ ወይ ካሉ፣ ሞልቷል። በ1991 የወጣው የስልክ ተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ፣ ያለ ግልጽ ፈቃድ በተቀዳ ድምፅ ማሻሻጥን ይከለክላል፤ የተደወለለት ሰው ለአንድ ጥሪ 500፣ ሆን ተብሎ ከሆነ ደግሞ እስከ 1,500 ዶላር ካሳ መጠየቅ ይችላል። ያለፈውን ዓመት ጥሪ ሲያባዙት ባለጸጋ ነዎት፤ የቀረዎት ተከሳሹን ማግኘት ብቻ ነው። ከ2003 ጀምሮ «አትደውሉልኝ» የሚሉ ሰዎች የሚመዘገቡበት መዝገብም አለ፤ ይመዝገቡ። ሕግ አክባሪ ነጋዴዎች ይተውዎታል፤ መስመሩም ለአጭበርባሪዎቹ ነፃ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ትምህርት ከበዛብዎ አጭሩን ይያዙ፦ የማያውቁትን ቁጥር አያንሱ፤ ካነሱም ምንም ሳይጫኑ፣ ምንም ሳይናገሩ ይዝጉ። ቁም ነገር ያለው ሰው መልእክት ይተዋል።

የዋራንቲዎን ነገር ከልብ ማወቅ ሲያምርዎ ደግሞ ክሩስኮቱን ከፍተው መጽሐፉን ያውጡና፣ እዚያ ላይ ወዳለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። ሙዚቃ እያሰሙ ያስጠብቁዎታል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያስተላልፉዎታል፤ መሐል ላይም ይቋረጣል። አይናደዱ፤ ትክክለኛው ቦታ ደርሰዋል ማለት ነው። የእርስዎ ዕዳ ያለበት ሰው ስልክ ለማንሳት ቸኩሎ አያውቅም።