የአቶ ፎንት ስምንትቢት የሕይወት ታሪክ

ክቡራን እድርተኞች፣ ወዳጅ ዘመዶች፣ በየቢሮው ሟችን ስትረግሙ የኖራችሁ ጸሐፊዎች፤

አቶ ፎንት ስምንትቢት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ፣ ኮምፒውተር አማርኛ በማያውቅበት ዘመን ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው አስኪ ከተባለው የ1963 የአሜሪካ ደረጃ ይመዘዛል። አያታቸው አስኪ 128 የምልክት ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ለሟች 256 ደረሳቸው። ፊደላችን ደግሞ ከነዲቃሎቹ፣ ከነቁጥሩና ከነነጥቡ ከ300 ያልፋል። ምን ያድርጉ? የእንግሊዝኛውን ፊደል መልክ ፋቁና የእኛን ለጠፉበት። ቤቱም ካርታውም የእንግሊዝኛ ሆኖ ቀረ፤ እኛ ደባል ሆነን ገባን።

ቦታው ሲጠብ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፋይል ተካፈሉት። ሌሎቹ እግሩንና ቀለበቱን ከገላው ቆርጠው፣ ሲያስፈልግ ይቀጥሉ ጀመር፤ ይህን ሙያ የወረሱት ከአማርኛ የጽሕፈት መኪና ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው ልጃቸው «ቤት» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ የእንግሊዝኛ ዩ፣ የጥያቄ ምልክትና የሆላንዶች የቀድሞ ገንዘብ የጊልደር ምልክት ነው። ዩ «በ» ሆና ትቆማለች፣ የጥያቄ ምልክቱ ቀለበት ይሆንላታል፣ ጊልደሩ «ት» ይባላል።

በለቅሶ ላይ ሟችን ማማት ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ይሁንና አቶ ፎንት ዕድሜ ልካቸውን አንድ የአማርኛ ቃል ሳይጽፉ አልፈዋል። የአማርኛ ሥዕል ነው ሲሥሉልን የኖሩት። የሠራተኛ ስም ዝርዝር በሀ ለ ሐ መ አልደረደር ብሎ የሰው ኃይል ክፍሉን ያስለቀሰው በዚህ ነው። ሰነዱን በሙሉ መርጦ ታይምስ ኒው ሮማን ያደረገ ሰው የጠንቋይ ክታብ ታቅፎ ይቀራል። ወርድ በበኩሉ ያገዘ መስሎት የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ያደርገዋል፤ ትልቁ ዩ ደግሞ «ም» ነው። «በግ» ብላ የጀመረች ጸሐፊ «ምግ» ታገኛለች። ታርመዋለች፤ ወርድም ይመልስባታል። አለቃዋ ደብዳቤው የዘገየበትን ምክንያት ሲጠይቋት ምን ትበል?

ማተሚያ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዋጋ አልነበረም፤ «ፎንቱን ይዛችኋል?» ነበር። ጽሑፍ ያለ ፎንቱ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ፍሎፒ ተጭነው ይሄዱ ነበር።

ፍርድ ግን አይጓደል። ፊደላችን ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ በ345 ምልክቶች የገባው በፈረንጆቹ መስከረም 1999 ነው። እስከዚያ ድረስ ጋዜጣውን፣ የሠርግ ጥሪውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የመቃብር ላይ ጽሑፉን ሳይቀር የተሸከሙት እኚህ ሰው ናቸው። የደረጃ ኮሚቴ ስብሰባውን እስኪጨርስ እንጠብቅ ቢሉ ኖሮ ለዐሥር ዓመት ከጽሕፈት መኪናው ጋር እንቆይ ነበር።

የሞታቸው መንስኤ ዩኒኮድ ነው። በ1992 ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሊበሉ ገብተው፣ ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ወረቀት ዩኒኮድ በባይት የሚጻፍበትን፣ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን አጻጻፍ ነድፈው ወጡ። በዚህ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ሦስት ይወስዳል። ተወደደ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ደባልነት ከመረረው ሰው ጋር ነኝ፣ ሦስቱም ይከፈል። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ሟች አልጋ ያዙ፤ ስልኮች አማርኛ ሲለምዱ አፋቸው ተያዘ።

ሞቱ ስል ግን ጥርጣሬ አለኝ። ብዙ የቆዩ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉና እዩ፣ ሟች ከነጥያቄ ምልክታቸው ብድግ ይላሉ።

ሟች ባለትዳር ነበሩ፤ ወይዘሮ ፕሪንተር ከእሳቸው በቀር ማንንም እንዳላመኑ ይናገራሉ። የቀብር ፕሮግራሙ በኢሜይል ተልኮላችኋል። የተጻፈው በሟች ፎንት ስለሆነ፣ ሰዓቱን ማንበብ የቻለ ሰው ካለ ለእድሩ ጸሐፊ ያሳውቅ።