ለክቡር ክላክስ፦ አንድ ሜትር ተኩል ስለመጠየቅ

ለክቡር ክላክስ
በአይሱዙ፣ በአባዱላና በባጃጅ ውስጥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከአስፋልቱ ላይ አንድ ሜትር ተኩል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኛ የአሰላና የአካባቢው ብስክሌተኞች አቤቱታችንን ለእርስዎ ያቀረብነው መንግሥት መኖሩን ዘንግተን አይደለም። የትራፊክ ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ፣ እግረኛንና ብስክሌተኛን የሚያስብ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አገራችን አላት። ይሁን እንጂ ደንቡ መጽሐፍ ውስጥ፣ ስትራቴጂው መደርደሪያ ላይ ሲሆኑ እርስዎ ሁልጊዜ ከኋላችን ነዎት። አቤቱታ ደግሞ የሚቀርበው ለቅርብ አለቃ ነው።

በቅድሚያ ምስጋናችን ይድረስዎ። ሕግዎን እንደ ሌላው ሕግ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ አላደከሙንም። አጭሯ ድምፅ «መጣሁ» ናት፤ ደጋግማ ስትጮኽ «ጠጋ በል»፤ ረጅሟ «ቦይ ግባ»። ይግባኝ የለውም፤ ረዳቱም በበሩ ብቅ ብሎ ውሳኔውን በንባብ ያሰማል።

የዚህ ሁሉ ዓላማ ስፖርት መሆኑም ገብቶናል። የአሰላው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር። ሯጮቹ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽም የወጡት ከአሰላ በስተደቡብ ካለችው ከበቆጂ ነው። ስለዚህ ከብስክሌት አውርደው ቦይ የሚያዘልሉን ለ3,000 ሜትር መሰናክል ተተኪ ለማፍራት ቢሆን ነው። ግን ብስክሌትም ለዚች አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትሳተፍ እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከ1,600 ሜትር አካባቢ ተነስቶ በዴራ፣ በኢተያና በኩሉምሳ በኩል ከ2,400 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገት ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ብስክሌት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ነጂው ሚዛኑን ለመጠበቅ መሪውን ግራና ቀኝ ያወዛውዘዋል። በዚያች ሰዓት እርስዎ ጆሮ ግንዱ ሥር ሲያንባርቁ ደንግጦ በግራ ትከሻው በኩል ይዞራል። ራስ ወደ ዞረበት መሪው ይከተላል፤ በግራ በኩል ያለው ደግሞ እርስዎን የጫነው መኪና ነው። «ዞር በል» እያሉ ወደ ራስዎ ይጠሩታል ማለት ነው። በክረምት የጭላሎ ተራራ ጉም አስፋልቱ ላይ ሲተኛ፣ በአጨዳ ወራት ገብስና ስንዴ የጫነው አይሱዙ ሲበዛ፣ ጋሪውና አህያውም በዚያው ጠርዝ ሲሄዱ ነገሩ ይብሳል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ከሾፌር የሚሰማው ቃል «ክላክስ አድርጌለት ነበር» የሚል ነው። ክቡርነትዎን ለምስክርነት ሲጠራዎት እንደሚኮሩ አንጠራጠርም። ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። «ክላክስ ካደረገ በቀር» የሚል ሐረግ የለበትም።

እኛም ንጹሐን ነን አንልም። አገራችን በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ ወሬው እስካሁን ያልደረሰው ብስክሌተኛ በመካከላችን አለ። ዳገቱ ሲከብደው የአይሱዙ ጭራ ይዞ የሚጎተት፣ ሌሊት ያለ መብራት የሚነዳ፣ እጁን ሳያሳይ የሚታጠፍም አለ። እነዚህን እንመክራለን። በቀኝ ጠርዝ በአንድ ረድፍ እንነዳለን፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት እናበራለን፤ ሁለቱም ፍሬን መሥራቱን አይተን እንወጣለን።

በአጸፋው የምንጠይቀው ጥቂት ነው፦

1. ሲያልፉን አንድ ሜትር ተኩል ይራቁልን። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ይህን በከተማ ውስጥ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ ሁለት ሜትር በሕግ አስገድዳለች። ከፊት መኪና እየመጣ ርቀቱ ካልተገኘ እስኪያልፍ ከኋላ መጠበቅ ነው፤ የሚጠፋው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው።

2. ሰውና መኪና በሚቀላቀልበት የከተማ መንገድ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የስቶክሆልም የመንገድ ደህንነት ጉባኤ ለዓለም ያቀረበው ጥሪ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም መንገዶች 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል፤ ሁሉም ያለ ክላክስ እንዳልሞቱ እናምናለን።

3. የኮሪደር ልማት በደረሰበት ከተማ ሁሉ የብስክሌት መስመር የባጃጅ ማቆሚያና የሸቀጥ መደርደሪያ አይሁን። ቀለም ብቻውን ብስክሌተኛ አያድንም።

ክቡር ሆይ፣ ሥራዎ አደጋን ማስጠንቀቅ ነበር፤ እርስዎ ግን ትእዛዝ መስጠት ለመዱ። መንገዱ የተሠራው ብስክሌት በሚነዳውም ሰው ግብር ነው፤ ድምፅ የሌለው ሁሉ ከመንገዱ ይውጣ የሚል ሕግም እስካሁን አልወጣም። ስለሆነም ጥያቄያችን ታይቶ ሥልጣንዎን ለሚመለከተው እንዲያስረክቡ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የቀኝ ጠርዝ ብስክሌተኞች፣ አሰላ

ግልባጭ፦
ለሾፌር፦ እንዲያውቀው
ለረዳት፦ ድምፁን እንዲቀንስ
ለፍሬን፦ ሥልጣኑን ተረክቦ ዛሬውኑ ሥራ እንዲጀምር