ጥቁሩ ጭስ ይከበርልን

ከጥቁር ጭስ ጋር የተጣላ ሰው በዝቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ አፍንጫውን በነጠላ ጫፍ የሚይዝ አለ፤ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ መስኮቱን ጥርቅም የሚያደርግ አለ፤ አንዱ ደግሞ ከአውቶቡስ ኋላ ሆኖ ሹፌሩ የማይሰማውን ስድብ ሲያዥጎደጉድ ይውላል። ጭሱ መቼም ቆሞ አይከራከር፤ ጠበቃ ያስፈልገዋል። እነሆ እኔ ያለ ምንም ክፍያ ቆሜለታለሁ።

የመጀመሪያው መከራከሪያዬ በየዓለም አቀፉ ስብሰባ የተፈተነ ነው። ከዓለም የካርበን ልቀት የአፍሪካ ድርሻ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርበን ዳይኦክሳይድ ሲለቅ አንድ ኢትዮጵያዊ የአንድ ቶን ሩብ አይደርስም። ሰማዩን ያጠቆሩት እነ ማንቸስተር፣ እነ ዲትሮይት ናቸው። ስለዚህ አንድ ሚኒባስ መገናኛ ላይ ጥቁር ደመና ተፍቶ ሲፈተለክ ያየነው ብልሽት አይደለም፤ የዘገየ የታሪክ ፍትሕ ነው። እነሱ ሁለት መቶ ዓመት አጭሰው በልጽገዋል፤ አሁን ተራው የእኛ ነው፤ ብልጽግናው ቢዘገይ እንኳ ጭሱን አስቀድመናል።

ነገረኞች ግን መልስ አያጡም። ካርበን ዳይኦክሳይድና ጥላሸት ለየቅል ናቸው ይላሉ። ካርበን ዳይኦክሳይዱ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከየትም ይነሣ ከየት ዓለምን ዞሮ የሁሉም ዕዳ ይሆናል። ጥላሸቱ የሰፈር ልጅ ነው። ከማርሚታው ወጥቶ ኒው ዮርክ አይሄድም፤ እዚያው በቆሎ የምትጠብሰው እናት፣ ሊስትሮው፣ አደባባዩ መሀል የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ሳንባ ውስጥ ያድራል። እና በ4 በመቶው ማን ከማን ጋር ይከራከርበታል ይሉኛል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለትስ እስከ መቼ ይሉኛል። እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

ሌላው ክስ የቁጥር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደቃቁ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም አይለፍ ብሎ ነበር። እኛ ገና 10ሩን ሳንደርስበት በ2021 (እ.ኤ.አ.) 5 ብሎ ሸሸን። በዚህ ላይ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት አየራችንን በመሣሪያ እየለካ ውጤቱን ለዓለም ሲለጥፍብን ኖረ። የጎረቤት ጓዳ መቁጠር ነውር መሆኑን ለዲፕሎማት ማን ይንገረው? ደግነቱ በመጋቢት 2025 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን የበጀት ነገር ነው ብላ የኤምባሲዎቿን የአየር መረጃ ማሰራጨት አቆመች። ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል የተለጠፈብን አንድም ማይክሮግራም የለም። በአንድ ጀንበር እንዲህ የጸዳ ከተማ በታሪክ አላውቅም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ የጥበቡ ምንጭ እዚያ ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ናፍጣ ደግሞ በቂ አየር ካላገኘ ተቃጥሎ አያልቅም፤ የተረፈው ጠቁሮ ይወጣል። ፈሪ ሰው አየሩ ካነሰ ናፍጣውንም ልቀንስ ይላል። የእኛ መካኒክ ግን ልበ ሙሉ ነው። ሹፌሩ «ጉልበት አነሳት» ሲለው የፓምፑን ብሎን ነካ አድርጎ ናፍጣ ይጨምርላታል። መኪናዋ የሽሮ ሜዳን ዳገት እያጓራች ትወጣለች፤ ከኋላዋ የሚሄደው ሕዝብም ያልተቃጠለውን ናፍጣ በነፃ ይቋደሳል። ነዳጅ እንዲህ በተወደደበት ዘመን፣ ተሰልፎ የገዛውን ከፊሉን ለመንገደኛ እያደለ የሚሄድ ሌላ ማን አለ?

ምርመራ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ እንጂ! መኪና በዓመት አንድ ቀን ንጹሕ ትሆናለች። በዋዜማው የፓምፑ ብሎን ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፊልትሮው በአየር ይነፋል። ደህና ጎማ ከጎረቤት፣ እሳት ማጥፊያ ከአጎት ልጅ፣ ባለሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂ ከጋራዡ በውሰት ይመጣል። በማግስቱ ሹፌሩ ነዳጁን ሲረግጥ እግሩ እንደ ሙሽራ ይሽኮረመማል። ቦሎው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ማታ ብሎኑ ወደ ጉልበቱ ይመለሳል፤ የጎማው ባለቤትም ሳይነጋ በር ያንኳኳል። ከዚህ ሁሉ ድካም ምን አለን ብለው መኪናዋን ቤት አስተኝተው ቦሎዋን ብቻ ይዘው የሚመለሱ አሉ ይባላል። ሐሜት ነው። እውነት ቢሆን እንኳ እንደ ጠበቃ የምለው አለኝ፦ መኪናዋ ለምርመራ ባለመነዳቷ የቀረው ጭስ ለአየሩ የተደረገ አስተዋጽኦ ተደርጎ ይያዝልን።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን ምን ሠርቶ እንደተያዘ ታስታውሳላችሁ። የናፍጣ መኪኖቹ ላይ ፈተና መኖሩን የሚያሸት ሶፍትዌር ገጥሞ ተገኘ። መኪናዋ መርማሪ ፊት ስትቆም ጨዋ ናት፤ አስፋልት ስትረግጥ እንዳሻት ትለቀዋለች። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪና! ኩባንያው በቅጣትና በካሳ ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰከሰ፣ ከሰዎቹም ወህኒ የወረዱ አሉ። በእውነት አንጀቴን በልተውታል። ያን ሁሉ መሐንዲስ ቀጥረው፣ ያን ሁሉ ኮድ ጽፈው ያደረጉትን እኮ እዚህ አንድ ካቻቪቴ የያዘ ልጅ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይጨርስላቸው ነበር። ለእሱ ደግሞ የሚከፈለው ጉርሻ ነው እንጂ ቅጣት አይደለም።

መንግሥትስ ዝም አለ? አላለም። በ2012 ዓ.ም. አሮጌ መኪና ማስገባትን በኤክሳይዝ ታክስ ቀጣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅ ጠጪ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመነጭ የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ከብዙ አገር ይልቅ ንጹሕ ነው። (ይህን ያልኩት ጠበቃነቴን ረስቼ ነው፤ ከመዝገብ ይሰረዝልኝ።) ደግነቱ ሁለቱም ሕጎች የሚጠብቁት በሩን ነው፤ ቀድሞ የገባውን ማን ይነካዋል? ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደወረደ ባለቤቱም የማያስታውሰው ሚኒባስ እንደ ቅርስ እየተከበረ ይቀጥላል።

ደግሞስ ችግኝ ተክለን የለም? በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ መተከሉ ተነግሮናል። ችግኝ ካርበን ይስባል፤ መልካም። ጥላሸቱን እንዲውጥልን ግን መገናኛ ድረስ መምጣት ሊኖርበት ነው። ሆኖም የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለተከላ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች ሞተራቸውን ሳያጠፉ ኮረብታው ሥር ሲያጓሩ ያየ ሰው፣ ችግኙ ገና ከተተከለበት ሰዓት ጀምሮ ሥራ እንዳላጣ ይረዳል።

ስለ ጤና የሚያነሡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 (እ.ኤ.አ.) የናፍጣ ጭስን ከትምባሆ ጭስና ከአስቤስቶስ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጦታል፤ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ። የእኛም ሕግ ካፌ ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል። ስለዚህ አጫሹ ሕግ አክብሮ ይወጣና መንገድ ዳር ይቆማል፤ እዚያ አይሱዙው ያጨስለታል፣ ክብሪት እንኳ አያወጣም። ሕገ መንግሥቱስ በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት አለው አይልም ወይ? ይላል። መብቱ አለው ይላል፤ አየሩ ይደርሰዋል አይልም። ሕግ ሲነበብ ቃል በቃል ነው።

አንድ ስጋት ብቻ አለኝ። በ2027 (እ.ኤ.አ.) 32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል፤ ያኔ ደንበኛዬን እንዳያስሩብኝ እፈራለሁ። ስለዚህ ከወዲሁ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከተማዋ ራሷ ለምርመራ እንደምትቀርብ መኪና ትዘጋጅ። ለሁለት ሳምንት አሮጌዎቹ ከቦሌ መንገድ ርቀው ይዋሉ፤ በቆሎ ጠባሿም ከአደባባዩ ገለል ትበል፣ ሳሏ ንግግር ያቋርጣል። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ካነሰ ከጎረቤት አገር በውሰት ይምጣ። እንግዶቹ ድርሻችን 4 በመቶ የማይሞላ መሆኑን ሰምተው ያጨብጭቡ፤ ቦሎው ይለጠፍልን። የመጨረሻው ልዑክ አውሮፕላን ሲነሣ ብሎኑን የሚመልስ ልጅም ከአሁኑ ይመደብ፤ የትርፍ ሰዓቱ በጉባኤው በጀት ውስጥ ይካተትለት፤ ካቻቪቴውን ራሱ ይዞ ይመጣል።