የዜሮ ሽልማት

ጉዳት የማይደርስበት ሆስፒታል ለሚፈልግ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጉዳት የማይመዘገብበትን ይምረጥ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ እንዳወጣው ሪፖርት፣ በመንግሥት የጤና መድን (ሜዲኬር) የሚሸፈኑ ታካሚዎች ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ከደረሰባቸው ጉዳት የሆስፒታሎቹ የሪፖርት ሥርዓት የያዘው 14 በመቶውን ብቻ ነበር። ቀሪውን 86 በመቶ ማን ዋጠው? አብዛኛውንማ ሠራተኛው ሪፖርት የሚደረግ ነገር አድርጎ አልቆጠረውም።

የታካሚው ካርድ ግን ምስጢር አይችልም። ናሎክሶን የተሰጠበትን ገጽ ፈልጉ፤ የሞርፊን ማርከሻ ነውና ለጨዋታ የሚያዘው ሐኪም የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲህ ፍንጭ እየተከተሉ ካርድ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ ሠራተኛው በፈቃዱ ካመለከተው ቢያንስ አሥር እጥፍ ጉዳት አገኙ።

ታዲያ እኩለ ሌሊት መታጠቢያ ቤት የተንሸራተቱትን አዛውንት በሐቅ የመዘገበች ነርስ ምን ታተርፋለች? ስብሰባ። የክፍሏ ግራፍ ቀይ ይለብሳል፤ እሷና ባልደረቦቿ «ምን ነካችሁ?» ይባላሉ። የሪፖርት ቅጹን ነክቶ የማያውቀው ጎረቤት ክፍል ግን የምስጋና ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል (በፍሬም ነው፣ ከነማኅተሙ)። ለወረቀት ቁጠባም ሌላ ሽልማት ይገባዋል፤ የአምናው የሪፖርት ጥራዝ ገና አልተቀደደም።