ለአንድ አፍታ በፌርፋክስ፦ የሐበሻ እናት ሽርሽር ጠባይና ሥርዓት

ሽርሽር ሲባል ሰው ሥራውን ትቶ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ አየር ለመለወጥ የሚያደርገው አጭር ጉዞ እንደሆነ በተለምዶ ይታመናል፤ ይህ ብያኔ ግን በሎስ አንጀለስ ለምትኖረው ኢትዮጵያዊት እናት ሲሠራ አልታየም። እናት ልጇን ይዛ ስትወጣ ቤቱም አብሯት ይወጣል፤ ሥራዋም ቦታ ይለውጣል እንጂ አይቆምም። እዚህ ላይ «ቤት» ማለት ግድግዳና ጣሪያ ሳይሆን ወጡን፣ ሻዩን፣ ጋቢውን፣ መድኃኒቱን፣ ዘመዱንና የዘመዱን መልእክት የሚያጠቃልል ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። አባት በዚህ ጥናት እምብዛም ያልተነሣው በቸልታ ሳይሆን፣ በሽርሽሩ ዕለት መኪና ውስጥ ተቀምጦ ክላክስ ከማድረግ ያለፈ ድርሻ ስላልተገኘለት ነው።

የክስተቱ ማዕከል ከኦሎምፒክ ቡሌቫርድ ወደ ፒኮ ሲወረድ በፌርፋክስ አቬኑ ግራና ቀኝ ምግብ ቤቶችና ሱቆች የተሰለፉበት፣ የከተማው ምክር ቤትም በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ የሰየመው አጭር መንገድ ነው። በአገር ቤት ከላሊበላ ተነሥቶ መርካቶ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ በፌርፋክስ ግን ላሊበላም መርካቶም የምግብ ቤት ስሞች ስለሆኑ፣ ማንኛውም ሕፃን ይህን ርቀት አይስክሬሙ ሳይቀልጥ በእግሩ ሊፈጽመው ይችላል። ስለ መንገዱ ከተደረሰባቸው ሕጎች ቀዳሚው፣ ከየትኛውም ሰፈር ወደ የትኛውም መዝናኛ ሲኬድ በፌርፋክስ ማለፍ ግድ ነው የሚለው ነው። ኢንግልውድ የምትኖር እናት ልጇን ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ለመውሰድ ስትነሣ ፀሐይ ወደምትጠልቅበት መንዳት ሲገባት ሽቅብ ወደ ሰሜን ትነዳለች፤ ምክንያቱ ሲጠየቅም «ለአንድ አፍታ ፌርፋክስ ደርሰን ነው» የሚል መልስ ይገኛል።

«አፍታ» በዚህ ጥናት እንደ ጊዜ መለኪያ የተወሰደ ሲሆን፣ ከመኪና ከመውረድ አንሥቶ ተመልሶ መኪና እስከ መግባት ያለውን ቆይታ ይመለከታል፤ ርዝመቱ የሚወሰነውም በሰዓት ሳይሆን መንገድ ላይ በሚገኘው ሰው ብዛት ነው። እናት ወደ ሱቁ የምትገባው ለእንጀራ ብቻ ነው። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ ተደራርቧል፤ ላስቲኩም በውስጥ በኩል ላቦት አዝሏል። እናት መዳፏን ከሥር አስገብታ ሙቀቱን ትለካለች፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ልስላሴውን ትመረምራለች፣ ዓይኑን በላስቲኩ አሻግራ ታያለች፣ ከዚህ ሁሉ ምርመራ በኋላም ባለሱቋን «የዛሬ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። የዛሬ መሆኑ ሲረጋገጥ እሽጉ ለልጁ ይሰጣል፤ ልጁም ሁለት ክንዱን ዘርግቶ፣ እንዳይታጠፍና እንዳያዘነብል እየተጠነቀቀ፣ ታቦት እንደሚያከብር ካህን በዝግታ ወደ መኪናው ያመራል። ለባሕር ብሎ ቁምጣ የለበሰ ልጅ ትኩስ እንጀራ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መጓዙ ምን ስሜት እንደሚሰጥ ከፌርፋክስ ውጭ ያደገ ተመራማሪ ሊረዳው አይችልም።

እንጀራው ተገዝቶ ሲያበቃ አፍታው ገና መጀመሩ ነው። ከሱቁ በር እስከ መኪናው ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ እናት የምታውቀው ሰው መገኘቱ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ባይገኝ እንኳ የምታውቀውን ሰው የሚያውቅ ይገኛል። ሰላምታው የራስን ጤንነት፣ ከዚያ የልጆችን፣ ከዚያ አገር ቤት ያሉ እናትን፣ ከዚያም ሥራን በየተራ የሚያዳርስ ሲሆን፣ ተጠያቂዋ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ከጨረሰች በኋላ እናታቸው ወገባቸውን እንደታመሙ የሚገለጸው በሁለተኛው ዙር ነው። በዚህ መካከል ልጁ ለምርመራ ይቀርባል። «ይሄ ነው ያ ሕፃን? በስመ አብ! ሳም እንጂ!» ይባላል፤ ይስማል። «ስምህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ እናቱ ትመልሳለች። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ ሲጠየቅም እናቱ ትመልሳለች። በመጨረሻ «አማርኛ ይሰማል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ በአማርኛ፣ በልጁ ጆሮ ሥር ይነሣል፤ እናትም «ይሰማል፤ መናገር ነው እንጂ» ትላለች። ይህ መልስ በዳያስፖራው ዘንድ የጸና የምርምር ውጤት ተደርጎ የሚወሰድ ሲሆን፣ ልጁ ስለ ሰው ትዳር የሚወራውን አንድም ሳይቀር መስማቱ ትክክለኛነቱን ያጠናክራል።

የሰላምታ ርዝመት ወጪም አለው። በሎስ አንጀለስ የጎዳና ጽዳት በሚካሄድበት ሰዓት ለቆመ መኪና የሚጣለው ቅጣት 73 ዶላር ሲሆን፣ ምልክቱ ምሰሶ ላይ ከሌሎች ሦስትና አራት ምልክቶች ጋር ተደራርቦ ስለሚሰቀል ማንበቡ የተወሰነ የትርጓሜ ትምህርት ይጠይቃል። አባት ክላክስ የሚያደርገው በዚህ ጊዜ ነው። ክላክሱ ሲሰማ ስንብት ይጀመራል፤ ስንብት ተጀመረ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም።

ባሕር ዳር ሲደረስ የጓዙ ጉዳይ ይነሣል። ፈረንጅ እናት ለባሕር የምትይዘው የፀሐይ ቅባት፣ ጥላና ፎጣ ነው። ሐበሻ እናት ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበት ሻይ በፔርሙዝ፣ በፎይል የተጠቀለለ ፍርፍር፣ ዳቦ፣ ቆሎና ጋቢ ትይዛለች። ጋቢው መሳቂያ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና የሎስ አንጀለስ ባሕር ዳርቻ በጁን ወር እስከ እኩለ ቀን ደመና ስለሚጫነው፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃም በበጋ ሳይቀር ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ሜትሮሎጂው ከእናት ጎን ቆሟል። ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ሌላው ሥጋት ይተካል፤ ይኸውም ምች ነው። ምች በባህላዊው ሕክምና ሰው ፀሐይ ሲመታው፣ በተለይም በልቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ሕመም ሲሆን፣ መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው። እንግዲህ ባሕር ዳር በልቶ ፀሐይ ላይ ከመቀመጥ በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለ፣ ሳንታ ሞኒካ በዚህ ትምህርት መሠረት ምች ለማስያዝ ተብሎ የተዘጋጀ ሥፍራ ነው ማለት ይቻላል። ልጁ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ እናት ጫማዋን ሳታወልቅ ዳር ቆማ «በቃ! በቃ ውጣ!» ትላለች፤ ልጁ ገና አልረጠበም። ሲወጣ በጋቢ ይጠቀለላል፣ ይጎርሳል፣ እርጥብ ካልሲውም በፌስታል ይቋጠራል። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ2016 ስስ ፌስታልን በድምፅ ስላገደ፣ ከዚያ በፊት ተጠራቅሞ በኩሽና መሳቢያ የተቀመጠው ክምችት ዛሬ የቅርስነት ደረጃ ላይ ይገኛል።

ትምህርታዊ ሽርሽር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከፌርፋክስ ጥቂት ሽቅብ ሲኬድ፣ ዊልሸር ቡሌቫርድ ላይ፣ ላ ብሬያ የሚባለው የሬንጅ ጉድጓድ አለ፤ በዚያ ሬንጅ ተይዘው የቀሩ ጥንታውያን ዝሆኖች፣ ተኩላዎችና ሰይፈ ጥርስ ድመቶች አጥንታቸው እየተቆፈረ በአጠገቡ ባለው ሙዚየም ይታያል። ከጉድጓዱ የተገኘው የሰው አጽም አንድ ብቻ ሲሆን እሱም የሴት ነው። አስጎብኚው ዕድሜው ወደ 50 ሺህ ዓመት የሚደርስ አጥንት ሲያሳይ ሌሎች እናቶች ይደነቃሉ፤ ሐበሻዋ እናት ግን በትሕትና ዝም ትላለች፤ በ1974 ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነውና በትናንት ልጆች ፊት መኩራራቱ ደግ አይደለም። ድንቅነሽ ራሷ በአሜሪካ ለዓመታት ከቆየች በኋላ በ2013 ሳንታ አና በሚገኘው ባወርስ ሙዚየም ታይታ ወደ አገሯ የተመለሰች ሲሆን፣ ያን ጊዜ ከሎስ አንጀለስ የሚደረገው ጉዞ ከሙዚየም ጉብኝት ይልቅ የዘመድ ጥየቃ ጠባይ ነበረው። ዘመድ አገር ቤት ሊገባ ሲል ደግሞ ዕቃ ሳይሰጡት ዝም ብሎ መሸኘት ነውር ነው፤ በድንቅነሽ ሣጥን ላይ አደራ ለመጫን የሞከረ ሰው አለመኖሩ የሙዚየሙን የጥበቃ ጥንካሬ ያመለክታል።

ወደ ዲዝኒላንድ የሚደረገው ጉዞ ውድ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ ይፈጸማል። በ1955 አናሃይም ላይ የተከፈተው ይህ መናፈሻ ከ3 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በነፃ ያስገባል፤ በዚህም ምክንያት የኢትዮጵያ ዘመን ከፈረንጆቹ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ መሆኑ ልጁን በነፃ ያስገባዋልን የሚል ክርክር በአንዳንድ እናቶች ዘንድ ተነሥቷል። ክርክሩ አያስኬድም፤ ልደቱም ዛሬም በአንድ አቆጣጠር ከተቆጠሩ ዕድሜው ያው ነው። ከዚህ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ሌላ ግኝት አለ። በአውሮፕላን ጉዞ ልጅ 2 ዓመት ሲሞላው የራሱ መቀመጫ ይኖረዋል፤ ወደ አዲስ አበባ ሲበርም እንደ ማንኛውም አዋቂ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቀዱለታል። ስለዚህ ልጅ ከ2ኛው እስከ 3ኛው ልደቱ ባለው ጊዜ ለመናፈሻ ነፃ፣ ለሻንጣ ሙሉ ሰው ነው፤ ይህ አንድ ዓመት የሽርሽር ኢኮኖሚ ወርቃማ ዘመን ሊባል ይገባዋል።

የረጅሙ ዕረፍት ጉዞ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ ጁላይ 4 በሚውልበት ሳምንት ከተማ እየለዋወጠ የሚያካሂደው የእግር ኳስ ውድድር ሲሆን፣ በ2017 ሲያትል፣ በ2018 ዳላስ፣ በ2019 አትላንታ ተደርጓል። እናት ወደዚያ የምትሄደው ለኳስ ነው ይባላል። ነገር ግን ከሜዳው ጀርባዋን ሰጥታ 20 ዓመት ያላየቻትን የክፍል ጓደኛዋን በሕዝቡ መካከል ስትፈልግ የምትውል ሰው ውጤቱን ብትጠየቅ የምትመልሰው ስለማይኖራት፣ ኳሱ ለጉዞው ምክንያት እንጂ ዓላማ አይደለም የሚለው አስተያየት ሚዛን ይደፋል።

ሁለተኛው የላስ ቬጋስ ጉዞ ነው። ዓለም ከተማዋን በቁማርና በመብራት ያውቃታል፤ ከሎስ አንጀለስ በረሃውን አቋርጣ 430 ኪሎ ሜትር ያህል የምትነዳ ሐበሻ እናት ግን የምትደርሰው ለቅሶ፣ ክርስትና ወይም አራስ ጥየቃ ነው። ልጁ የመብራቱን ከተማ በመኪና መስኮት፣ በሩቁ፣ ሲመሽ ያያል፤ ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፈው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር አንድ ታብሌት እየተሻማ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ አዲስ አበባ ነው። የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ከጁን አጋማሽ ገደማ እስከ ኦገስት አጋማሽ ስለሚዘጉ፣ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የ13 ወር የፀሐይ ፀጋ ባለቤት አድርገው ለዓለም ያስተዋወቋት አገር ይህን ልጅ የምትቀበለው ፀሐይ በማይታይበት ክረምት፣ በዶፍ ዝናብ፣ በጭቃና በበረዶ ነው። ከጉዞው በፊት የሚካሄደው የሚዛን ሥርዓት ግን ከዝናቡ ይልቅ ይከብዳል። እናት የእጅ ሚዛኑን መንጠቆ በሻንጣው እጀታ አስገብታ በሁለት እጇ ታነሣለች፤ ልጁ ተንበርክኮ ቁጥሩን ያነባል፤ «24.6» ሲል አንድ ጫማ ይወጣል፤ «23.9» ሲል ሌላኛው ጫማ ይከተለዋል፤ ከዚያ የጎረቤት እናት የሚጠብቁት ቫይታሚን ወደ ልጁ የጀርባ ቦርሳ ይዛወራል። ልጁ ዐሥርዮሽን በትምህርት ቤት ከመማሩ በፊት በዚህ መንገድ ማወቁ ለአስተማሪዎች ሳይገለጥ የቆየ ነው። ስመለስ ሻንጣው ይቀላል የሚል ተስፋ በሁሉም ዘንድ አለ፤ ሲመለስ ግን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ዳማከሴ ተተክተውበታል። ቋንጣው ብቻ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ ስለማያስገባ በዘመድ እንባ ታጅቦ ይቀራል። ጉዞው ሲያበቃ ፍልሰታ ተጋምሷል፣ ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል፤ ልጁም ሙልሙል ሳይበላ ክፍል ይገባል።

በመጀመሪያው ሳምንት መምህራን «ዕረፍትህን እንዴት አሳለፍክ?» የሚል ድርሰት ማዘዛቸው የተለመደ ነው። የልጁ ድርሰት ስለ ባሕር አንድ መስመር ብቻ ይይዛል፤ የቀረው ጭኑን ስላቃጠለው ምግብ፣ ላስ ቬጋስ ውስጥ አብረው ተቀምጠው ስለሚያለቅሱ ሰዎች፣ መንገድ ላይ የማያውቃቸውን ሴቶች ስለ መሳሙና ሻንጣ እያነሡ ስለሚያስቀምጡባቸው ሌሊቶች ነው። መምህሯ ድርሰቱን ደግማ አንብባ እናትን ታስጠራለች። እናት ከሥራ በቀጥታ ብትመጣ በሰዓቱ ትደርስ ነበር፤ በፌርፋክስ በኩል ስለመጣች ግን 20 ደቂቃ ትዘገያለች፤ ስትገባም ለመምህሯ የገዛችውን የዛሬ እንጀራ በሁለት እጇ ይዛለች። ስለ ድርሰቱ የሚደረገው ውይይት ከመጀመሩ በፊት መምህሯ ሁለት ክንዷን ዘርግታ እሽጉን ትቀበላለች፤ ልጁም እንዳታጥፈው በእንግሊዝኛ ያስጠነቅቃታል።